ከመንገዱ ማዶ የምትቆመው ሴትዮ

መጋቢት 27፣ ቅዳሜ

...ክፍት ይሁን ትል ነበር እናቴ። በሩ ክፍት ይሁን፣ ሰው ይየን። ለማን ነበር የምትለው? ለእኔ አይደለም፣ ልጅ ነበርኩ። አንዲት ሴት ቤታችን እየመጣች... ወይስ የጎረቤታችን እህት ነበረች? ፊቷ ጠፍቶብኛል። የቀረኝ በሩ ብቻ ነው፣ በድንጋይ ተደግፎ።

እኔም እንደዚያው ነኝ። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹን ስከፍት መጀመሪያ የምፈልገው ድንጋዩን ነው። ሰሌን ማንጠፍ፣ ከበሮውን ማውረድ፣ ብስኩቱን ከልጆቹ ዓይን መሰወር... ሌላው ሁሉ በኋላ። ሽመልስ ይስቅብኛል። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰብሳቢ ነው። የልጆቹን የመጽሐፍ ቅዱስ ክበብ ከመስከረም ጀምሮ አብረን ነው የያዝነው፤ እሱ ይፈቅዳል፣ እኔ እሠራለሁ። "ተናኝ፣ ሌባ ነው የምትጠብቂው?" ይለኛል።

አዳራሹ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋር የተያያዘ ነው። በሩ መንገዱን ያያል። መንገዱም እኛን ያያል። ማንም ተነስቶ እነዚህ ሰዎች ልጅ ሰብስበው ምን ያደርጋሉ እንዳይል። በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ወሬ አንዴ ከተነሳ...

ዛሬ አዲስ ልጅ መጣች። ባርኮት። ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። ብቻዋን ገባች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ጥግ ተቀመጠች። እጇ ላይ ትኩስ ሂና፣ እስከ አንጓዋ። የሐረሪዎቹ የሹዋሊድ በዓል ሰሞን ስለሆነ ጀጎል ግንብ ውስጥ ያልተቀባ የለም። የእኛም ልጆች ይቀባሉ... ይቀባሉ እንጂ።

"ማን አመጣሽ?" አልኳት። ወደ በሩ አየች።

ከመንገዱ ማዶ አንዲት ሴትዮ ቆማለች። ብርቱካናማ ሻሽ፣ ክንዷ ላይ ሰፌድ። ስፌት ሻጭ ትመስላለች። ግን አንድም አላፊ አልጠራችም። እስክንጨርስ ድረስ ዓይኗን ከበራችን አልነቀለችም።

ማን ላካት?

መጋቢት 29፣ ሰኞ

ቢሮ። ቀኑን ሙሉ ብርቱካናማ ሻሽ። ሰው ቆሞ ሰፌድ መሸጥ አይችልም እንዴ?

ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

ሙሴ በቅርጫት። ሥዕሉን ካርቶን ላይ ሠራሁት። ሰማያዊ ቀለም ስላለቀብኝ ወንዙ አረንጓዴ ሆነ። "እትዬ፣ ይሄ ወንዝ ነው ወይስ የጫት ማሳ?" አለች ገሊላ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ገሊላ ካለች ከበሮ አያስፈልግም።

ከዚያ ባርኮት አነጠሰች።

"አልሐምዱሊላህ!" ጮክ ብላ።

ከዚያ እንደገና ሳቅ።

"ቤተ ክርስቲያን እኮ ነው ያለሽው!" ገሊላ።

"አርፈሽ ተቀመጪ" አልኳት ገሊላን። ምኑ ያስቃል? ሐረር ተወልዶ ወላሂ የማይል ክርስቲያን አለ? እኔ ራሴ ሽንኩርት ስገዛ... ግን ማስነጠስ ሌላ ነው። ሲያነጥስ ሰው አያስብም። የሚወጣው የቤቱ ነው።

ልንበተን ስንል እጇን አነሳች። "እትዬ፣ ሙሴ በፈርዖን ቤት ምን ይበላ ነበር?"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"የእነሱን ይበላ ነበር? ወይስ ለብቻው ይሠሩለት ነበር?"

አላውቅም። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። "እናስብበት" አልኩ። ይህን ጠይቂ ብሎ የሰጣት ማነው? የልጅ ጥያቄ ነው ይሄ?

ብርቱካናማው ሻሽ ማዶ ነበር። ልጅቷ ስትወጣ ሳታያት አለፈች። ሆን ብላ። ሰው የማያውቀውን ሰው እንዲህ ተጠንቅቆ አያልፍም።

ሚያዝያ 11፣ ቀዳም ሥዑር

ዛሬ ክበብ የለም፤ ባለፈው ሳምንት ደጋግሜ ተናግሬያለሁ። ቄጠማ ላስር ሄጄ ሳለ ግን አየኋቸው። ሁለቱም። አብረው። በተዘጋው አዳራሽ ፊት ቆመው። ልጅቷ በሩን ታንኳኳለች።

ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ የሚያውቅ ቤት ልጁን ለክበብ ይልካል?

አንድ ቄስ ሲያልፉ ልጅቷ ራስ ላይ ቄጠማ አሰሩላት። ሴትዮዋ ራቅ ብላ ጠበቀቻት። ተከተልኳቸው፣ እስከ መታጠፊያው ብቻ። ሴትዮዋ ጎንበስ አለች። ቄጠማውን ከልጅቷ ራስ ላይ ፈታች። በመሐረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ገና ከግቢው ሳይርቁ። በቀዳም ሥዑር።

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

የልጆቹ የፋሲካ ግብዣ። በጉን አንድ ምእመን ሰጠን፣ ድስቱን ከዕድር ተዋስን። ጢሱ፣ ጩኸቱ፣ ዓይኔን ያመኛል። አንዱ መረቅ ሱሪው ላይ ደፍቶ ያለቅሳል፣ ሌላው የእሱን ሥጋ ይበላለታል።

ባርኮት ሥጋውን ወደ ጠርዝ ገፍታ እንጀራውን ብቻ ትበላለች። ከደረቀው በኩል።

"ብዪ እንጂ፣ ፋሲካ ነው።"

"ሥጋ አልበላም፣ እትዬ።"

"ያምሻል?"

"ከልክለውኛል።"

"እነማን?"

አንገቷን ደፋች። አንገቷን አየሁት። ማተብ የለም።

"የክርስትና ስምሽ ማነው?"

"ባርኮት።"

"እሱ የቤት ስምሽ ነው። ስትጠመቂ የወጣልሽ?"

"ረሳሁት።"

ይረሳል? የእኛን እርድ የማይበላ ማን እንደሆነ እዚህ አገር ለሕፃን እንኳ አይነገርም፣ ያውቀዋል። ሂናው፣ ማስነጠሱ፣ ቄጠማው፣ አሁን ደግሞ ሥጋው። ሳህን እያጠብን ሳለ ለሽመልስ ነገርኩት። ፊቱ ተለወጠ።

"የሙስሊም ልጅ ቤተሰቧ ሳያውቅ አስገብተን ስናስተምር ብንገኝ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ? ክበቡ አበቃለት።"

አውቃለሁ። ስለማውቅ ነው የነገርኩት።

...ስለማውቅ ነው?

ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ

መዝሙር መሐል ሽመልስ ገባ። ከበሮውን በእጁ አስቆመ።

"ባርኮት ማናት? ተነሺ። ከዛሬ በኋላ ወላጅሽን ይዘሽ ካልሆነ እንዳትመጪ። ገባሽ?"

ለብቻዋ ይነግራታል ብዬ ነበር። ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩዋት። እሷ እሱን አላየችውም። እኔን ነው ያየችው። እንዴት አወቀች? ብስኩቷን ሰሌኑ ላይ ትታ ጫማዋን ሳታስር ወጣች።

ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኛ ተሻገረች። እስከ መሐል መንገድ። ባጃጅ ጡሩንባ ነፋባት፤ አልሰማችም። የልጅቷን እጅ ያዘች። ከዚያ ቀና ብላ በክፍቱ በር አየችኝ። ረጅም ጊዜ።

ሰላይ እንዲህ አያይም። እንዴት ነው የሚያየው ታዲያ?

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

አልመጣችም። ማዶውም ባዶ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ይኸው፣ በሩ ክፍት፣ የሚያየን የለም። አሥር ጊዜ ወደ ውጭ አየሁ።

"እትዬ፣ ያቺን ልጅ ለምን አባረራችኋት?" ገሊላ።

"ማን አባረራት?"

"ቤቷን እኮ አውቀዋለሁ። ፈላና በር፣ እማማ ዘቢባ ጋ ነው የምትኖረው። ስፌት የሚሸጡት። እናቷ ዓረብ አገር ናት። ድሮ ከእናቴ ጋር ያስቀድሱ ነበር።"

"እናቷ? ታስቀድስ ነበር?"

"ወላሂ!" አለች ገሊላ።

ግንቦት 4፣ ሰኞ

ከቢሮ በቀጥታ ፈላና በር። መንገድ ላይ ሁለቴ ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ፣ ማንም አልነበረም። በሩ አጠገብ ቲማቲም የምትሸጥ ወጣት ጠየቅኩ። "እማማ ዘቢባን ለምን ፈለግሻት?" አለችኝ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ እያየችኝ። እዚህ ደግሞ የምጠረጠረው እኔ ነኝ። በእጇ ያመለከተችኝን ጠባብ መንገድ ይዤ ወረድኩ። አንኳኳሁ። በሩ ለአንድ ፊት ያህል ተከፈተ።

"ማን ላከሽ?"

"ማንም አልላከኝም። የባርኮት..."

"አውቅሻለሁ። በር ክፍት አድርገሽ ነው የምታስተምሪው። እኔን ለማየት።"

"እርስዎም እኛን ሲያዩ ነበር" አልኩ።

"ልጅቷን ነው የማየው! ሱብሃነላህ! መኪናው እንዴት እንደሚከንፍ አታዪም? ግቢያችሁ ብገባ እናንተ ምን ትላላችሁ? ቤተ ክርስቲያን ስወስዳት ቢያዩ የሰፈሬ ሰዎች ምን ይላሉ? ሰፌድ ይዤ ቆምኩ። ሻጭን ማን ልብ ይላል ብዬ።" በሩን ገፋ አድርገው ከፈቱት። "አንቺ ልብ አልሽ።"

አስገቡኝ። ቀዩ መደብ ላይ ተቀመጥኩ። ግድግዳው በስፌት ተሞልቷል። እናትየዋ እዚሁ ግቢ ተከራይ ነበረች አሉ። ከሁለት ዓመት በፊት ዓረብ አገር ስትሄድ ልጇን ትታላቸው ሄደች። ከረመዷን ወዲህ ስልኳ አይሠራም።

"አማና ናት" አሉ። "አላህ የሚጠይቀኝ አደራ።"

"ሥጋ ለምን ከለከሏት?"

"እኔ ቤት ያለው ሥጋ የማን እርድ ነው? እናቷ መጥታ ልጄን ምን አበላሻት ብትለኝ ምን እላለሁ? እንቁላል አለ፣ ወተት አለ፣ ምስር አለ። ሥጋ እናትሽ ስትመጣ አልኳት።"

"የእኛን ብትበላ ግን ችግር የለውም ነበር..."

"ልጅ ናት። የቱ የማን እንደሆነ በምን ትለየዋለች? ሁሉንም ተዪው አልኳት።"

ሁለት ዓመት። ሙሴ በፈርዖን ቤት ምን ይበላ ነበር?

ተነስተው የብስኩት ቆርቆሮ አወረዱ። ውስጡ ጥቁር ክር፣ የተበጠሰ ማተብ። ከሥሩ በመሐረብ የተጠቀለለ ቄጠማ፣ ደርቆ ገለባ ሆኗል።

"ክሩ ሲበጠስ እኔ መልሼ ላስረው? ይፈቀድልኝ አይፈቀድልኝ ማንን እጠይቃለሁ? አስቀመጥኩት። ይሄንንም መንገድ ላይ እንዳይወድቅባት።"

"ለምን አልነገሩንም?"

"ብነግራችሁ ትወስዷታላችኋ።"

"አንወስዳትም" አልኩ። ድምፄ ራሴንም አላሳመነኝም።

ከመጋረጃው ሥር ሁለት ትናንሽ እግሮች ይታዩ ነበር። አልጠራኋትም። ማተቡን እጄ ላይ አኖሩት። "ቅዳሜ ካመጣኋት አንቺ እሰሪላት።" ካመጣኋት አሉ።

ማተቡን ጨብጬ ስመለስ እንኳ አሰብኩ። የእናትየዋ ስልክ በእርግጥ አይሠራም? ወይስ ልጅቷን ለማስቀረት ነው? ይሄ ነገር ከእኔ መቼ ነው የሚወጣው?

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

ሽመልስ ደወለ። ደስታው በስልክ ይሰማል።

"ተናኝ! ልጅቷ የእኛ ናት! የገሊላ እናት ነገረችኝ። የተጠመቀች ክርስቲያን!"

"እና?"

"እናማ ከዚያ ቤት መውጣት አለባት። ድሬዳዋ አንድ ማሳደጊያ አነጋግሬያለሁ፣ ይቀበሏታል። ቤቱን ታውቂዋለሽ?"

ያን ቅዳሜ የእነሱ ናት ብሎ ያስወጣት ሰው ነው።

"አላውቀውም" አልኩ።

"ግድ የለም። ቅዳሜ ከመጣች ከኮሚቴው ሰዎች ጋር ሆነን እንይዛታለን።"

እንይዛታለን።

ግንቦት 7፣ ሐሙስ

ቅዳሜ አያምጧት ልል ሄድኩ። አንኳኳሁ። አልከፈቱም። ውስጥ ሰው አለ፣ የሳህን ድምፅ ሰምቻለሁ። ቲማቲም ሻጯ ከመታጠፊያው ቆማ ታየኛለች። መንገድ ላይ ቆሜ ምን ብዬ ልጩህ? ቆየሁ። ማዶ ግድግዳውን ተደግፌ፣ ዓይኔን ከበሩ ሳልነቅል።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

ድንጋዩን በሩ ሥር አደረግኩ። እንደ ሁልጊዜው። አትምጪ፣ አትምጪ እያልኩ ሰሌኑን አነጠፍኩ።

መዝሙር ጀምረን ሳለ ብርቱካናማው ሻሽ ማዶ ታየ። ዛሬ ሰፌድ የለም። እጅ ለእጅ ተያይዘው ተሻገሩ። ባርኮት ገባች። እማማ ዘቢባ ደፉ ላይ ቆሙ።

"እስክትጨርስ እዚህ ልቁም?"

"ይግቡ" አልኩ። ሽመልስ ገና አልታየም።

ሲያመነቱ ገሊላ ተነሳች። "እማማ፣ እዚህ ጋ ይቀመጡ። እዚህ ሰሌኑ አልተቀደደም።" ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ከኋላ፣ ከልጆቹ ጋር፣ ጉልበታቸውን ታቅፈው ተቀመጡ።

ማተቡን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ባርኮት ፀጉሯን ከአንገቷ ላይ ሰበሰበችልኝ። ክሩ አጭር ነው። ቋጠሮው እምቢ አለኝ፣ እንደገና።

"እትዬ፣ የሙሴን ነገር አሰቡበት?"

"አስቤበታለሁ። ለብቻው ይሠሩለት ነበር።"

"መጽሐፉ ላይ አለ?"

"የለም።"

ከኋላ እማማ ዘቢባ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ። ዞሬ አላየሁም።

ቀና ስል በበሩ በኩል አየሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ትልቅ በር ወዲህ፣ በአጥሩ ጥግ ጥግ፣ ሽመልስ። ሁለት የኮሚቴ ሰዎች ከኋላው። አንዲት ነጭ መኪና ሞተሯን ሳታጠፋ ቆማለች። ሽመልስ አየኝ። ፈገግ ብሎ እጁን አነሳልኝ፣ ቆይ እንደማለት።

"ዘምሩ" አልኳቸው ልጆቹን። ገሊላ ከበሮውን መታች።

ድንጋዩን በእግሬ ገፋሁት። በሩ ይከብዳል። ለካ አንድም ቅዳሜ ከውስጥ ዘግቼው አላውቅም።

ተዘጋ።