የታምራት ስልክ በእጄ ሳለ

ጌትዬ፣ የልጆቼ አባት፣

አፈር ካለበስንህ ወዲህ ክረምቱ ወጣ፤ ገብሱም ታጭዶ ተወቃ። ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ ደህና ብትሆንማ እቤትህ ነበርክ። እኔ ንዴቴ አልወጣልኝም። ሰው ሁሉ ቀስ እያለ ይበርድልሻል ይለኛል። የመንዝ ብርድ ያላበረደውን ምን ሊያበርደው እንደሆነ እንጃ።

ሰላም ልጅህ መብራት የምትሞክርበትን ቴስተርህን ከኪሷ አትለይም ነበር። ቀምቼ እሳት ውስጥ ጣልኩባት። ስታለቅስ መታኋት፤ ከዚያ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ቤትህ አሁን እንዲህ ነው።

ያ የገደለህ ዕቃ ከአዲስ አበባ የመጣ ቀን ትዝ ይለኛል። ወንድሜ ታምራት ነው የላከው፣ ሞላሌ ላለው የእማዬ የእንግዳ ማረፊያ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትንሽ ሰሌዳ፣ የውሃ ማሞቂያው ቦይለር አጠገብ የሚታሰር ሌላ ሳጥን፣ በመሃላቸው ሽቦ የለም። ከየትም ሆነህ በስልክ ውሃውን ታፈላለህ፣ የክፍሎቹን ማሞቂያ ታበራለህ። "ብርዱን ደውሎ ሊያባርረው ነው እንዴ!" ብለህ ሳቅክ። ግን ወደድከው። መመሪያውን እንደ ድርሳን ጮክ ብለህ ታነብልኝ ነበር፤ እኔም አንዱም ሳይገባኝ እሺ እሺ እል ነበር። አንተ የእኔን እግር በእግርህ መሃል አድርገህ ስታሞቅልኝ ኖረሃል። ለዚህ ስልክ አላስፈለገህም።

ልትገጥም የሄድክ ቀን እማዬ ምሳ የሚበሉ እንግዶች ነበሯት። ወጡ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ስለነበር መብራቱን አታጥፋብኝ አለችህ። አማትህን እምቢ ማለት አታውቅበትም። ሰሌዳው ላይ "ጠፍቷል" ይላል ብለህ፣ ወንበር ላይ ቆመህ የቦይለሩን ሽቦ ልታጠብቅ እጅህን ከተትክ። ታምራት ደግሞ ወደ እኛ ሲመጣ ደብረ ብርሃን ላይ ከጓደኞቹ ጋር ቁጭ ብሏል። እስክንደርስ ውሃው ይፍላ ብሎ ስልኩን ተጫነው። ጓደኞቹ ተደንቀው እንደሳቁ እሱ ራሱ ነው የነገረኝ።

ወዲያው አልወደቅክም። ሽቦው ይዞህ ቀረ። እማዬ በመጥረጊያ እንጨት ክንድህን እስክትመታው ድረስ ይዞህ ነበር፤ ጥርስህ ምላስህን ቆርጦታል። ስትገነዝ በግድ ገብቼ መዳፍህን አይቻለሁ። ከሰል ሆኖ ነበር።

ፖሊስ አደጋ ነው ብሎ ጻፈና ሄደ። ወንድምህ ደምሰው ግን ደምህ ደመ ከልብ ሆኖ አይቀርም ብሎ ጠመንጃውን አነሳ። ታምራት ሸሽቶ ራቤል ካለው ዘመዳችን ቤት ተደበቀ። የሞተው ባሌ፣ የገደለው ወንድሜ፤ በእኔ ደረሰ። ደምሰው ፍርዱን ለእኔ ተወው። ማርኩት ካልሽ ጠመንጃዬን እሰቅላለሁ፣ ካላልሽ ራቤል ሩቅ አይደለም አለኝ።

ሽማግሌ ገባ። የንስሐ አባታችን መስቀል ይዘው ቀደሙ፤ ታምራት ድንጋይ ተሸክሞ ከደጄ ተደፋ። እግሬን ሊስም ሲል ፊቱን ረገጥኩት፣ አፍንጫው ደማ። ተይ አንቺ ልጅ፣ ተይ አሉኝ። ዕርቅ ካማራችሁ ባሌ በሞተበት ቤት ይሁን አልኳቸው።

ቦይለሩ እንደተውከው ነበር፤ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ሽቦው ወጥቶ። የታምራትን ስልክ ተቀበልኩና የሚጫነውን አሳየኝ አልኩት፤ አሳየኝ። አሁን ወንበሩ ላይ ውጣና ባሌ የያዘውን ሽቦ ያዝ፣ በባዶ እጅህ አልኩት። አባ ገዘቱኝ። ደምሰው በሩ ላይ ጠመንጃውን አጋድሞ ቆመ። ታምራት ወጥቶ ያዘው። ሱሪው ሲረጥብ አየሁ። ያንን ልጅ በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግኩት፤ አልራራሁም። ጌትዬ፣ ለሌላ ሰው የማልናገረውን ልንገርህ፤ ጣቴ ስልኩ ላይ ነበር፣ ልጫነውም ነበር። ስለ እግዜር ብዬ አይደለም ያልተጫንኩት።

እማዬ ናት። አልለመነችኝም፣ አላለቀሰችም። ጫማዋን አውልቃ እርጥቡ ወለል ላይ ቆመች፤ የታምራትን ሌላ እጅ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። "መብራቱን አታጥፋ ያልኩት እኔ ነኝ" አለች።

ያን ቀን እዚያ ብኖር እኔም እጅህን እንዲሁ እይዝ ነበር። መሞቴን እያወቅኩ እይዝህ ነበር። ይሄ ሲገባኝ ጣቴን ከስልኩ ላይ አነሳሁ።

ሄጄ መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋሁት። ካቻቢቴህን ለታምራት ወረወርኩለትና ሽቦውን አጥብቀው አልኩት። እያለቀሰ አጠበቀው። ስልኩን ደጅ አውጥቼ ድንጋይ ላይ ፈጠፈጥኩት። ደምሰው ጥይቱን ከጠመንጃው አወጣና ወደ ቤቱ ሄደ። ዕርቁ በዚያው ተፈጸመ ተባለ፣ አባም ባረኩን።

ሰው አሁን የማርኩት ይመስለዋል። አልማርኩትም ጌትዬ፣ አልገደልኩትም እንጂ። ሁለቱ እንደማይገናኙ አንተ ታውቀዋለህ። በየዓመቱ ተዝካርህን አወጣለሁ፤ ታምራትም መጥቶ ጠላውን ይቀዳል፣ እኔም አየዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ አልረሳህም፣ ልጆችህም እንዲረሱህ አልፈቅድም። አንድ ቀን ልቤ እሺ ብሎ ከማረው ከሰው ሁሉ በፊት ለአንተ እነግርሃለሁ። ዛሬ ግን የምነግርህ የለኝም።

ሚስትህ አስካለ