ከግድግዳሽ የመጡት ማይቶች

ለምወድሽ አክስቴ፣

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ? ያ የሚያንጠባጥብ ቧንቧሽ እስካሁን ካልተሠራ፣ እባክሽ እንዳታሠሪው። እኔ ሥራው ፋታ ባይሰጠኝም ደህና ነኝ። እንዲያውም ደረቴን ነፍቼ ነው የምጽፍልሽ።

ከቧንቧው ሥር ፍቀሽ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ የላክሽልኝ «አረንጓዴ ቆሻሻ» ጉድ አፍልቷል። ማይት የሚባሉ፣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ የመዥገርና የሸረሪት ዘመዶች ሞልተውበታል። መጻሕፍቱ ሁለት ቤተሰብ ያደርጓቸዋል፤ ነጫጭና ለስላሳ የሆኑት እርጥብ ግድግዳና ድንጋይ ላይ፣ ጥቋቁርና ጠንካራ የሆኑት ደግሞ ደረቅ የዛፍ ቅርፊት ሥር የሚኖሩ። መልካቸው አይገናኝም፤ አንድ ቦታም ታይተው አያውቁም። የቀደሙት አጥኚዎች ያገኙትን ሁሉ ወዲያው አልኮል ውስጥ ይነክሩት ነበር፤ የሞተ ደግሞ አያድግም። እኔ ግን የላክሽውን እንዳለ ጠርሙስ ውስጥ አኖርኩት፤ ቅርፊትም ጨመርኩበት። ነጫጮቹ ቆዳቸውን ገፈፉ፣ ጠቆሩ፣ ወደ ቅርፊቱ ወጡ። ነጫጮቹ የጥቋቁሮቹ ልጆች ናቸው እኮ አክስቴ! እናትና ልጅን ነው ሰዉ ባዕድ አድርጎ የመዘገበው። ሁለት የተባለው አንድ ትንሽ ቤተሰብ ነው።

አለቃዬ ፕሮፌሰሩ አላመኑኝም። ስንት ሰው የደከመበትን በአንድ ጠርሙስ ልታፈርሺው ነው ወይ ብለው ሳቁብኝ። ሐሙስ ባለሙያዎቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት አቀርበዋለሁ፤ ካልተቀበሉኝ የስንት ዓመት ልፋቴን ውሃ በላው ማለት ነው። ግን ይቀበሉኛል። በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ሐሙስ እንድትመጪልኝ እፈልጋለሁ። ሰው ፊት ምን ልሠራ፣ ማን ነሽ ቢሉኝስ እንደምትይ አውቃለሁ። ስመረቅም ከአጥሩ ውጭ ቆመሽ፣ አልቅሰሽ እንደተመለስሽ የበሩ ጥበቃ ነግሮኛል። እንዴት እንደከፋኝ! አሁን ግን በር ላይ መቆም የለም፤ እቆጣሻለሁ። እህትሽንም አማክሬያታለሁ። እማዬም፣ ጊዜው ደርሷል፣ ከጎኔ ትቀመጥ አለች። ከዚያ አለቀሰች። አቀፍኳት እንጂ ምንም አልጠየቅኳትም።

ከፊት ሁለት ወንበር አስይዣለሁ። ጸሐፊዋ አንደኛው ላይ «የአቅራቢዋ እናት» የሚል ወረቀት ለጠፈችና፣ ሌላው ላይስ ምን ልጻፍ አለችኝ። ያንኑ ድገሚው አልኳት።

ሰማያዊ ቀሚስሽን ልበሽ። ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ።

የምትናፍቅሽ
ልጅሽ