ስለ ሃያ ሦስተኛው ረድፍ

ለተከበሩ ኢንጂነር ዓብዩ መኩሪያ
የ«ድልድይ» የወላጆች የትምህርት መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ኦገስት 11

ጉዳዩ፦ ከተማሪ ሮሆቦት ላይ ስለተነሣው የሦስት ሺህ ዶላር የትምህርት ድጋፍ

ክቡር ኢንጂነር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ የተሟላ ጤና፣ ለሮክቪሉ የቤት ሽያጭ ቢሮዎም ወለዱ ዝቅ ብሎ ገዢው የሚበረክትበትን ወራት ከልብ እመኛለሁ። እኔ የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ፣ በአንድ የጥርስ ሕክምና ቢሮ የቀጠሮ ሠራተኛና የማኅበርዎ የስድስት ዓመት አባል ነኝ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሶሲዮሎጂ የተመረቅሁ በመሆኔ ከዚህ በታች በማነሣው ጉዳይ ገለልተኛ ነኝ ለማለት አልችልም፤ አንባቢ ይህን ግምት ውስጥ አስገብቶ እንዲያነብልኝ አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ማኅበሩ ባለፈው ወር ለአባላት በቴሌግራም ያሰራጨው «የትምህርት ዘርፎች የአዋጭነት ሰንጠረዥ» ደርሶኛል፤ ስለ ድካማችሁም አመሰግናለሁ። በሰንጠረዡ የእያንዳንዱ ዘርፍ የመጀመሪያ ዓመት ደመወዝ ለአራት ዓመቱ የትምህርት ወጪ ይካፈልና ሃያ አራት ዘርፎች በየደረጃቸው ይሰለፋሉ። ነርሲንግ ሁለተኛ ነው። ሶሲዮሎጂ ሃያ ሦስተኛ ነው። ሃያ አራተኛው ረድፍ «ሌሎች» የሚል ስለሆነ፣ መጨረሻ እንዳንወጣ ለተደረገልን አስተያየት ባለውለታችሁ ነኝ። ከሃያኛ በታች ያለ ዘርፍ የሚማር ሁሉ ድጋፍ እንዳያገኝም ተወስኗል። ውሳኔው እስካሁን የነካው አንዲት ተማሪን ብቻ ነው፤ እርሷም ላንግሊ ፓርክ ከእናቷ ጋር የምትኖረው፣ በአውቶቡስ ኮሌጅ ፓርክ ወዳለው ዩኒቨርሲቲ እየተመላለሰች የምትማረውና ሦስተኛ ዓመቷን ልትጀምር የተዘጋጀችው ሮሆቦት ናት። ሦስት ሺሁን ዶላር እስከ ኦገስት 29 ካልከፈለች ከምዝገባ ትሰረዛለች።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በትሕትና እዘረዝራለሁ።

1ኛ. ቀመሩን ከመንቀፌ በፊት መፈተን ስላለብኝ፣ በቅድሚያ በራሴ ላይ ሞከርሁት። የዩኒቨርሲቲ ወጪዬን በአብዛኛው የቻለው መንግሥት ነበር፤ ከእኔ የተጠየቀው የወጪ መጋራት ሒሳብ በዛሬ ምንዛሪ ለአንድ ወር የመኪና ኢንሹራንስ እንኳ አይበቃም። በአሜሪካ ያገኘሁትን የመጀመሪያ ዓመት ደመወዝ ለዚህች ገንዘብ ባካፍለው ውጤቱ ሰማይ ነካ፤ በሰንጠረዣችሁ ስሌት ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ከእኔ የበለጠ አዋጭ ምሩቅ የለም ማለት ነው። ባንኬ ይህን ገና አልሰማም።

ቀጥሎ፣ በይቅርታ፣ በእርስዎ ላይ ሞከርሁት። እርስዎ የተመረቁት በሃይድሮሊክ ምህንድስና ሲሆን ምህንድስና በሰንጠረዡ ሦስተኛ ነው። ይሁንና በዚህ አገር ከውኃ ጋር ያለዎት ሙያዊ ግንኙነት፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ ለገዢ ቤት ሲያሳዩ ቧንቧውን ከፍቶ መዝጋት በመሆኑ፣ ከዲግሪው የተገኘ ደመወዝ በሚለው ቦታ ዜሮ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። የኮሚቴው አባል አቶ ሲላስ በእንስሳት ሕክምና ተመርቀው ኮምፒውተር ይጠግናሉ፤ ገንዘብ ያዧ ወይዘሮ ይርጋለም ሕግ ተምረው የሕፃናት መዋያ ያስተዳድራሉ። ሦስታችሁም በሥራችሁ የተከበራችሁ ናችሁ። የምጠይቀው ይህን ብቻ ነው፦ የገዛ ዲግሪያቸው ያላበላቸው ሦስት ሰዎች የሌላውን ዲግሪ እንጀራ እንዲመዝኑ የተመረጡት በየትኛው ረድፍ ነው?

2ኛ. ሮሆቦት ነርሲንግን ትታ ወደ ሶሲዮሎጂ የዞረችው በማን ምክንያት እንደ ሆነ መዝገቡ ግልጽ ነው፤ በእናንተ። ባለፈው የትምህርት ዓመት መጀመሪያ፣ የድጋፉ ግዴታ የሆነውን የአርባ ሰዓት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት እንድትፈጽም የመደባችኋት እናንተ ናችሁ። በዚያን ጊዜ በሲልቨር ስፕሪንግ አረጋውያኑን ከየአፓርታማቸው ወደ ቀን መዋያ ማዕከል የሚያመላልሰው፣ ማኅበሩ ከትምህርት ድጋፉ ጎን የሚያንቀሳቅሰው ቫን በአሥራ አራት መቀመጫው ሦስት ሰው ብቻ ይዞ ይመላለስ ነበር። ወጪውን የሚሸፍነው የአካባቢው መስተዳድር፣ ካውንቲውም፣ ቫኑ ካልሞላ በዓመት የሚሰጠውን ሠላሳ ስምንት ሺህ ዶላር እንደሚያቆም አስጠንቅቆ ነበር። ኮሚቴው አረጋውያኑ የቀሩት መኪናው አርጅቶባቸው ነው ብሎ አዲስ ቫን ለመለመን ተዘጋጅቶ ሳለ፣ እኔ መጠይቅ በነፃ አዘጋጀሁ፤ እርሷ ሃምሳ ሰባት በር አንኳኳች።

ስለ መኪናው ያማረረ አንድም ሰው አላገኘችም። ቫኑ ጠዋት በ8፡15 በር ላይ ሲደርስ፣ ከሃምሳ ሰባቱ አርባ አንዱ የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው የትምህርት ቤት አውቶቡስ እየጠበቁ ነበር። ወይዘሮ አሰለፈች የተባሉ እናት «የኔ ልጅ፣ ጡረታ የወጣሁ መሰለሽ እንዴ? እኔ እኮ ሥራ ላይ ነኝ፤ አለቃዬ ኪንደርጋርተን ነው» ብለዋታል። ቫኑ አንድ ሰዓት ዘግይቶ እንዲመጣ ተደረገ። ለውጡ አንድ ሳንቲም አላስወጣም። ዛሬ አሥራ ሦስት ሰው ይጭናል፤ ካውንቲውም ገንዘቡን ቀጥሏል። የሠላሳ ስምንት ሺህ ዶላር ችግር በሩን አንኳኩቶ በመጠየቅ ብቻ ሲፈታ በዓይኗ ያየች ልጅ፣ አጠያየቁን ልማር ብላ ብትሄድ፣ ጥፋቱን አብረን ልንሸከመው ይገባል።

3ኛ. ሮሆቦት ውሳኔው በተላለፈበት ስብሰባ ተጠርታ ቀርባለች። ቃለ ጉባኤው አቶ ሲላስ «ሰውን ለማወቅ ዲግሪ ምን ይሠራል? እሑድ እሑድ ቸርች መምጣት ይበቃል» በማለት ጉባኤውን ማሣቃቸውን፣ እርስዎም «ነርሲንግን የሚያህል ነገር ጥለሽ! ለመሆኑ የሶሲዮሎጂ መሥሪያ ቤት የት ነው፣ ልጄ?» ብለው መጠየቅዎን በታማኝነት መዝግቧል። እርሷ «ጋሼ፣ ቫኑ አሁን ፉል ነው አይደል? መሥሪያ ቤቱ እሱ ነው» ስትል የሰጠችው መልስ ግን አልተመዘገበም። ጸሐፊያችሁ በዚያች ደቂቃ እስክሪብቶ አልቆባቸው እንደሚሆን ገምቼ አንድ ደርዘን በፖስታ ልኬላችኋለሁ።

4ኛ. እናቷ ወይዘሮ ሰርካለም በሁለት ፈረቃ በሽተኞችን በየቤታቸው እየተንከባከቡ የሚኖሩ ሴት ናቸው። በስብሰባው ማግስት ከኮሚቴው ተደውሎላቸው «ልጅሽን ምከሪያት እንጂ» ተብለዋል። ከዚያ ወዲህ በቸርች ሰው ልጅሽ ምን ትማራለች ሲላቸው «ከጤና ጋር የተያያዘ ነው» ይላሉ። ይህን ሲሉም ልጅቷ አጠገባቸው ቆማ ትሰማለች። ለዚህ በሰንጠረዡ ዓምድ ስላላገኘሁለት ያለ ቁጥር አልፌዋለሁ።

ክቡር ኢንጂነር፣ ሶሲዮሎጂ እንደ ነርሲንግ ያበላል ብዬ አልከራከርም፤ ሐሰት ይሆንብኛል። እኔን ራሴን ዛሬ የሚያኖረኝ ዲግሪዬ ሳይሆን እዚህ የወሰድሁት የሦስት ወር የምስክር ወረቀት ነው። ሮሆቦትም ይህን አልሳተችም፤ ሒሳቡን ከእናንተ በፊት ሠርታ፣ ምን ያህል እንደሚቀርባት ለእናቷ በወረቀት አሳይታለች። እናቷም አይተው «ይሁን» ብለው ነበር። አሁን ግን ድጋፉ በመቅረቱ ወይዘሮ ሰርካለም ለቅዳሜና እሑድ ሦስተኛ ፈረቃ ጠይቀዋል፤ ልጅቷም ይህን ሰምታ «እንግዲያው ወደ ነርሲንግ ልመለስ» ማለት ጀምራለች። ሰንጠረዡ ለማሸነፍ የቀረው አሥራ ስምንት ቀን ነው።

ስለዚህ ከመጠን ያለፈ ጥያቄ ካልሆነብኝ፣ ኮሚቴው ከኦገስት 29 በፊት ተሰብስቦ ሦስት ሺሁን ዶላር እንዲመልስላት፣ ለእናቷም የደወለው ሰው መልሶ እንዲደውል እለምናለሁ። ሰንጠረዡን እንድትሰርዙት አልጠይቅም፤ ማኅበሩ ስለ ራሱ ካሳተማቸው ሰነዶች ሁሉ ይህን ያህል ግልጽ የሆነ አላየሁም።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ ለቀና አመራርዎ የሚገባውን አክብሮት ሳላጓድል፣ ከዝርዝሩ ግርጌ ቀና ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የወር መዋጮዋን አንድም ጊዜ አዘግይታ የማታውቅ አባልዎ፣
ሉባባ ይመር
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወይዘሮ ይርጋለም ባለፈው ሳምንት ደውለው፣ ለካውንቲው የሚቀርበው የቫኑ ዓመታዊ ሪፖርት መዘግየቱን ገልጸው፣ «ለእናንተ ምን አላት፣ ቀላል እኮ ነች» በማለት ሮሆቦትና እኔ እንድንሠራላቸው ጠይቀውናል። በእኛ አለመግባባት አረጋውያኑ በእግራቸው መሄድ ስለማይገባቸው፣ ሠርተን ትናንት አስገብተናል። ቅጹ መረጃውን የሰበሰበው ሰው ስንት ሰዓት እንደ ሠራ ይጠይቃል፤ ሮሆቦት ሠላሳ አራት ብላ ሞላች። ስንት እንደ ተከፈለው ይጠይቃል፤ ዜሮ ብላ ሞላች። ከዚያ በታች፣ ክፍያው ዜሮ ከሆነ ምክንያቱ በዝርዝር እንዲብራራ ይጠይቃል። ይህ ከእኛ የትምህርት ዘርፍ አቅም በላይ ስለሆነብን፣ የእርስዎን ስልክ ቁጥር ጽፈንበታል።