የሰበረ ይገዛል

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ማንበብና መጻፍ የተማርኩበትን የማታ ትምህርት ጨረስኩ። አስተማሪያችን «ፊደልህ ሰልፍ የወጣ ወታደር ይመስላል» አለኝ። እውነቱን ነው። ዛሬ በእጄ የጻፍኩት ሱቁ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፦ «የሰበረ ይገዛል»። አሥራ አንድ ዓመት የሙዚቃ መሣሪያ ስሸከም፣ ስወለውል፣ ስሰቅል ኖሬ... ይኸው ግድግዳው ራሱ በኔ አፍ ተናገረ።

ባለሱቋ እትዬ ጽሑፉን አይተው «ጎሽ» አሉኝ። ወዲያው «ዝምታው» ወደምለው ሠራተኛ ዞረው «አንተ ደግሞ ጊታሮቹን እንዴት አሳምረህ ሰቀልካቸው» አሉት። ዝምታው ከተቀጠረ ገና አራት ወሩ። ቅጽል ስሙን ያወጣሁለትም፣ ሥራውን ያስተማርኩትም እኔ። ዕቃ የሚሰቀልበትን ማሳያ ግን ለሱ ሰጡት። ለኔ አንድ ጎሽ፣ ለሱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ጠዋት ቀድሜ ገባሁ። ቡናማውን ጊታር እሱ ከሰቀለበት አውርጄ በሩ አጠገብ ሰቀልኩት። ለምን? ከፍቶኝ ነዋ። እትዬ የሚያደንቁት ነገር ቢያንስ ግማሹ የኔ እጅ ይኑርበት ብዬ።

በኛ ሱቅ የሰቀለ ሰው ዝም ብሎ አይለቅም። ሦስቴ ወደ ታች ሳብ፣ ሳብ፣ ሳብ አድርጎ መስቀያው መያዙን ያያል። ዛሬ የዝምታውን ኮቴ ሰማሁና አንዴም ሳልስብ ከመሰላሉ ወረድኩ።

ከሰዓት ጡረተኛው አባባ መጡ። ረቡዕ ረቡዕ ይመጣሉ፤ ያንኑ ቡናማ ጊታር ይዳብሳሉ፣ ሳይገዙ ይሄዳሉ። ጣታቸው ገና ክሩን ሲነካ... ዷ። ጊታሩ ወድቆ አንገቱ ተሰበረ። እጃቸውን አዩ፣ ጊታሩን አዩ፣ እጃቸውን አዩ።

እኔስ? ወደ ጽሑፌ ጠቆምኩ። በጣቴ።

ዝምታው ሮጦ መጣ። «አባባ፣ መታዎት እንዴ? እግርዎን ያሳዩኝ» ብሎ ወንበር አቀረበላቸው። ጊታሩን ዞር ብሎም አላየው። እትዬ ቆመው ያዩ ነበር። «እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ሰውየው» አሉ። ወደኔ አላዩም... ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

«በመነካት ብቻ የሚወድቅ ከሆነ ጥፋቱ የኛ ነው። አባባ ምንም አይከፍሉም» አሉ እትዬ። «ሳይስብ የሰቀለው ግን ከማሳያው ተነስቶ ዕቃ ቤት ይገባል። ማነው?»

ማሳያው የዝምታው ነው። ሁሉም ወደሱ አየ። እኔ ሳክስፎን እወለውል ነበር። ትናንት የተወለወለ ሳክስፎን።

ደስ አለኝ? አዎ፣ አለኝ። ለራሴ ደብተር ምን እዋሻለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ዝምታው ለእትዬ «ሳልስበው ቀርቼ ይሆናል። ጥፋቱ የኔ ነው» አላቸው። እሳቸውም «ጥፋቱን የሚያምን ሰው አከብራለሁ» አሉት።

በሥራው ተመሰገነ፣ እሺ። በደግነቱም ተመሰገነ፣ እሺ። ጭራሽ በኔ ጥፋት ይመስገን? የገዛ ጥፋቴን እንኳ ወሰደብኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ማሳያው የኔ ሆነ። ዝምታው ዕቃ ቤት ሳጥን ሲያነሳ ወገቡን ይዞ አየሁት። «በርታ» አልኩት። «ማሳያው አምሮበታል» አለኝ። ምነው በሰደበኝ።

ሚስቴ «ምግቡ ምን አደረገህ?» አለችኝ። ምንም አላደረገኝም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

የተሰበረ ዕቃ የሚጻፍበት መዝገብ አለን። አሥራ አንድ ዓመት እኔ እየተናገርኩ ሌላ ሰው ይጽፍልኝ ነበር። ዛሬ ራሴ ጻፍኩ፦ «ቡናማውን ጊታር የሰቀልኩት እኔ ነኝ። አልሳብኩትም። አባባ ነኩት እንጂ አልጣሉትም።» ወታደር ፊደሎቼ ሁሉ የሰከሩ መሰሉ።

እትዬ ሁለቴ አነበቡት። «አንተ ዕቃ ቤት፣ እሱ ማሳያው» አሉ። በቃ።

ዝምታውን «ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«መሰላሉ ተዘርግቶ አገኘሁት። እኔ አጥፌ ነው የማስቀምጠው።»

«ታዲያ ምን ዘጋህ?»

«አሥራ አንድ ዓመትህን አሰብኩ።»

በዚህም በለጠኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ጽሑፌን ከግድግዳው ላጥኩት። በምትኩ፦ «ይንኩ። ከወደቀ ይጥሩን። መጀመሪያ እርስዎን እናያለን።» እትዬ አንብበው እንዲለጠፍ ፈቀዱ።

አባባ መጡ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በሩ ላይ ቆሙ። ከዕቃ ቤት ወጣሁ።

«አባባ፣ በደንብ ያልሰቀልኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ምንም አላጠፉም።»

«በጣትህ ጠቁመህብኝ ነበርኮ» አሉ።

«አዎ... ይቅር ይበሉኝ።»

ዝምታው ሌላ ጊታር ሰቀለ። ሳብ... ሳብ... ሦስተኛውን ለኔ ተወልኝ። ሳብኩት። ያዘ። ያኔ አባባ እጃቸውን ከኋላቸው አወጡ።

የዝምታው አሰቃቀል ከኔ ያምራል። ይህችን መስመር ሚስቴ እንዳታያት።