የእናቴ ጧፍና የእርስዎ መስኮት

ጥቅምት 2012 ዓ.ም.
ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ
ደብረ ታቦር

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ከርሟል? የደጋው ብርድ ጉልበትዎን፣ የስብሰባው ብዛት ወገብዎን ሳይጎዳው ጥቅምትን እንደተቀበሉ ተስፋ አደርጋለሁ። ወገብን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ሙላቴ አለሙ፣ በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጬ የሰው አቤቱታ የምጽፍ ራፖር ጸሐፊ ነኝ። ለወገቤ ሕመም ብዬ የጀመርኋት የትራማዶል ፍሬ ሦስት ዓመት ሙሉ ስታዝዘኝ ኖራ፣ ዛሬ እርስዎ በሚመሩት ቤት በየማለዳው ሽሮፕ እየተሰፈረልኝ ከእርሷ ለመላቀቅ እታገላለሁ። ይህን በአደባባይ መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ቢሆንም የሌላውን ብሶት ስጽፍ ኖሬ የራሴን መዋጥ አልሆነልኝም።

1ኛ. አስቀድሜ ስለ ሰሌዳው ላመስግንዎ። ከመስኮቱ በላይ «የሱስ መድኃኒት መስጫ ክፍል» ተብሎ፣ ከአስፋልቱ ማዶ ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠ መንገደኛ እንኳ እንዳይቸገር በትልልቅ ቀይ ፊደል ተጽፏል። ማንበብ ለማይችለውም ታስቦለት፣ ባለሙያዋ ስማችንን ከነአባታችን እየጮኸች ትጠራናለች። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ባለጉዳዩ ሁሉ አንቱ ይለኛል። በእርስዎ መስኮት ግን «አንተ፣ ዋጥ! አፍህን ክፈት፣ ምላስህን አንሣ!» እባላለሁ። ልጅነቴን ስለመለሱልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

2ኛ. መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ አይከፈትምና መስኮቱም ይዘጋል፤ «ነገ ኑ» እንባላለን። ሱሳችን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባለመሆኑ አብሮ አልጠፋልንም። በሰኔ ሰብስበውን «እናንተም እኮ አንዱን ሱስ በሌላ ሱስ መለወጣችሁ ነው» ብለው የመከሩንም ከልባችን ገብቷል። ከጋፋት በእግሩ እየመጣ ከጎኔ ይሰለፍ የነበረው ስንዴ አምራቹ እሸቴ፣ እንዲያ ከሆነስ ይቅርብኝ ብሎ ሄደ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። እኔም ቃልዎን አምኜ፣ የፍልሰታን ጾም በዚህ በተፈቀደ ሱስ አላረክስም ብዬ ሽሮፑን ተውሁ። በቡሄ ዋዜማ፣ የሰፈሩ ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹ፣ እኔ ከአንድ ሱቅ ጓሮ ቆሜ ፍሬ እለምን ነበር። ጾሙ ሲፈታ ወደ መስኮትዎ ተመለስሁ፤ ያን ቀን ሳስበው ግን ዛሬም ፊቴን የምሸሽግበት አጣለሁ።

3ኛ. ባለፈው ሰኞ ደግሞ «ከኅዳር 1 ቀን ጀምሮ የቤተሰብ ዋስ ያላቀረበ ታካሚ አይስተናገድም» የሚል ማስታወቂያ ለጠፉ። ለታሰረ ሰው የዋስትና ማመልከቻ ስንቱን ጽፌአለሁ፤ ለመዳን ዋስ ሲጠየቅ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ቤተሰብ ያለችኝ እናቴ ወይዘሮ ማሬ ብቻ ናት፤ እርሷ የምታውቀው ደግሞ ሌላ ነው።

ግንቦት ላይ ሕክምናውን የጀመርሁ ዕለት፣ በማለዳ ወዴት ነህ ብላ ጠየቀችኝ። «የሱስ ክፍል» ልል ጀምሬ ሐፍረት ያዘኝና «የሱስ» ላይ ምላሴ ቆመ። በእኛ አገር አፍ የኢየሱስ ደብር ባጭሩ «የሱስ» ነው። እናቴ እልል ብላ ወደ ጓዳ ገባችና አንድ ጧፍ አምጥታ በእጄ አኖረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማለዳ ማለዳ ጧፍ ትሰጠኛለች፤ ለጎረቤቱም «ልጄ የሱስን ደጅ ሳይሳለም አይውልም» እያለች ትኮራብኛለች። እኔ ጧፉን በኮት ኪሴ ይዤ የእርስዎን መስኮት እሳለማለሁ፤ ከዚያም በመሳቢያዬ፣ ከማመልከቻ ወረቀቶቼ ሥር እደብቀዋለሁ። አንዱንም አላበራሁም። መሳቢያው ሞልቶ አልዘጋ ብሏል። አልዋሸሁም፣ ዝም ብቻ ነው ያልሁት እያልሁ ከራሴ ጋር ስሟገት ከርሜአለሁ፤ ይህን መከላከያ የሚቀበል ዳኛ እንደሌለ ግን ከሁሉ በፊት የማውቀው እኔ ነኝ።

ስለዚህ ሰሌዳው እንዲነሣ፣ ስማችን በቀስታ እንዲጠራ፣ ሽሮፑም መድኃኒት መሆኑን አስቀድመው እርስዎ አምነው እኛንም እንዲያሳምኑን በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ። ከዚህ በላይ የተጻፈው እውነት መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ። ይህን ሐረግ ለስንቱ ሰው ጽፌዋለሁ፤ ለራሴ ስጽፈው ግን ከላይ ጀምሬ እያንዳንዱን ቃል እንደገና አነበብሁ።

ወንበርዎ እንዲጸና፣ መስኮትዎ እንዲሰፋ እየተመኘሁ፣
በየማለዳው ምላሱን አንሥቶ የሚያሳይ ታዛዥዎ
ሙላቴ አለሙ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ በፍርድ ቤቱ አጥር ላይ ከመለጠፌ በፊት፣ ፊደል ላልቆጠረችው እናቴ አነበብሁላት። ስጨርስ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። «በል ቀለሙን አምጣው» አለችና አውራ ጣቷን ነክራ አተመችበት፤ ከታች የሚታየው የዋሴ አሻራ ነው። ከመሳቢያው ያወጣኋቸውን ጧፎችም በነጠላዋ ጠቅልላ ለእርስዎ ልካለች። ለየሱስ የታሰበ እንዴት ለሱስ ክፍል ይሆናል ብዬ ብከራከራት፣ «አንተ ድሮም ፊደሉን ነው የምታየው፤ የሚያድን ከሆነ እዚያው ይብራ» አለችኝ። እንግዲህ መብራት በጠፋ ቀን አብርተው መስኮቱን ይክፈቱልን። ኮምፒውተሩን ባያስነሣም፣ የሰው ፊት ለማየት የሚበቃ ብርሃን አለው።