ማግኒዚየሙ የለቀቀ ዕለት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፤ ላሊበላ

ዛሬ ከአዲስ አበባ ተደወለልኝ። የላብራቶሪ ባልደረባዬ ናት። ከካርቦን ጋር የፈጨሁት የማግኒዚየም ቅይጥ የያዘውን ሃይድሮጅን ከበፊቱ ባነሰ ሙቀት ለቀቀ አለችኝ። ስንት ጊዜ ያቃተኝ ነገር! ስልኩን ዘግቼ የምነግረው ሰው ፈለግሁ። በቤተሰባችን ሆቴል ውስጥ ያለነው አባባና እኔ ብቻ ነን። ቱሪስት ከቀረ ወዲህ አባባ ሠራተኞቹንም አሰናብተዋል።

በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ደስ ብሎኛል አልኳቸውና ነገሩን አስረዳኋቸው። ማግኒዚየም ለነዳጅ የሚሆነውን የሃይድሮጅን ጋዝ በደንብ ይይዛል፤ ችግሩ በጣም ካልጋለ አይለቅም። ካርቦን ሲገባበት ግን ዱቄቱ እርስ በርሱ አይጣበቅም፣ ጋዙም ቶሎ ይወጣል።

«ካርቦን ማለት ያው ከሰል አይደል? ታዲያ ለምን አታበዢውም?»

«ከበዛ ቦታ ይሻማል አባባ። ለጋዙ የሚተርፈው ያንሳል።»

«ቦታስ እኛ ጋ ሞልቷል» አሉ ባዶውን ግቢ እያዩ። እናቴ ብትኖር ምኑም ሳይገባት እልል ትል ነበር።

ሲመሻሽ አባባ ቁልፎቹን ይዘው ወደ ላይኛው ፎቅ ወጡ። እንግዳ የመጣ መስሎኝ ወደ ግቢው ወጣሁ። ማንም የለም። እሳቸው ግን የየክፍሉን መብራት እያበሩ ነው፤ ድሮ ለገና ሆቴሉ ሲሞላ እንደሚያደርጉት።

«ለማን ነው አባባ?» አልኳቸው ከታች ሆኜ።

«ደስ ብሎኛል አላልሽም እንዴ?»

ግቢው መሐል ቆሜ ቀና ብዬ አየሁ። መስኮቱ ሁሉ በርቷል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፈው ጥላ ግን የአባባ ብቻ ነበር።