ከሆቴል የመጣው ብርድ ልብስ

ጥቅምት 4
ደህና ቀን ነበር። ሆቴሉ አሮጌ ብርድ ልብሶች ለኛ ለእጥበት ክፍል ሠራተኞች አደለ። ተቆጣጣሪው ራሱ ቆሞ፣ "ለትጋታችሁ ነው" እያለ። ለኔ ቡናማው ደረሰኝ። ዳር ዳሩ ቢሳሳም ወፍራም ነው። ልጄን አለበስኳት። እስከ አፍንጫዋ ተጠቅልላ፣ "እማ፣ እኛም ሆቴል ገባን!" አለችኝ።

ጥቅምት 19
የልጄ ክንድ ላይ ተሰልፎ የወጣ እብጠት። ትንኝ ይሆን? በዚህ ብርድ ትንኝ ከየት መጥቶ...

ጥቅምት 23
ትኋን ነው። የፍራሹን ስፌት ገለጥ ሳደርግ ተርመሰመሰ። አንዱን በጥፍሬ ስጨፈልቀው ደም... የልጄ ደም። ሽታው አፍንጫዬ ላይ ቀረ። ቀኑን ሙሉ የሰው አንሶላ ሳጥብ ውዬ፣ የራሴ አልጋ እንዲህ! ለማን ይወራል?

ጥቅምት 24
አልጋውን ጋዝ ቀባሁ። ፍሊት ነፋሁ። ልጄን አሳላት፤ ደጅ አስቀመጥኳት። አከራያችን በመስኮት ብቅ አሉ።
"ምንድነው የሚሸተው?"
"በረሮ ነው እትዬ።"
በረሮ እንኳ የሚያኮራበት ቀን መጣ።

ኅዳር 2
ልጄ ከትምህርት ቤት እያለቀሰች ገባች። አንዱ ትኋን ከቦርሳዋ ወጥቶ ዴስኩ ላይ ሲሄድ አይተውታል። ጓደኛዋ ጮኻ ቦታ ቀየረች። ከዛሬ ጀምሮ ስሟ "ትኋኗ" ነው። "ነገ አልሄድም እማ።" አቅፌያት ቁጭ አልኩ።

ኅዳር 3
ታላቅ እህቴ መጣች። "ቤቱ እስኪጠራ ልጅቷን ልውሰዳት። ግን ከዚህ ቤት ምንም አትያዝ። አትቀየሚኝ።"
አልቀየምም አልኳት። ተቀይሜያለሁ። እውነቷን ነው፣ ግን ተቀይሜያለሁ። ልጄ ባዶ እጇን ሄደች። እኔ የቀረኝ እሷ ብቻ...

ኅዳር 9
ፍራሹን ፀሐይ ላይ ሳሰጣ አከራይዋ ደረሱ። "በረሮ ነው አላልሽኝም?" መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! እስከ ወሩ መጨረሻ ካልጠፋ ቤቴን ልቀቂ አሉ።

ኅዳር 12
ሥራ ቦታ ሁሌ እጅጌዬን ወደ ታች ጎትቼ ነው። ክንዴን እንዳያዩብኝ። ዛሬ ማስቲካን አየኋት፤ አፏ ስለማያርፍ ነው እንዲህ የምንላት። እሷም እጅጌዋን አልሰበሰበችም፤ ውሃው እስከ ክርኗ አበስብሷታል።
"አንቺም?" አልኳት።
እጅጌዋን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። "ያ ብርድ ልብስ..."
ፎቅ ላይ ያሉት ክፍሎች "ለቀለም" ተብለው የተዘጉት ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ሊቃጠል የሚገባውን ነው አመስግነን የተቀበልነው።
ግን ቡናማውን ያጠብኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? ነዳጅ ለመቆጠብ የውሃ ማሞቂያውን ቦይለር ካጠፉት ወዲህ ሁሉን በቀዝቃዛ ውሃ ነው የምናጥበው። ትኋን በቀዝቃዛ ውሃ ምን ይሆናል? ሳሙና ሳሙና ሲሸተኝ አመንኩት። በገዛ እጄ አጥቤ፣ በገዛ እጄ አለበስኳት።

ኅዳር 13
ከማስቲካ ጋር ተቆጣጣሪው ዘንድ ገባን። ሳንጨርስ አቋረጠን። "እንዲያውም ከየቤታችሁ አምጥታችሁ ሆቴሉን እንዳትበክሉ!" በሩን እያሳየን፣ "ሥራችሁን ከፈለጋችሁ ወሬው እዚሁ ይቅር።"
ወሬው እዚያው ቀረ። ምን ላድርግ?

ኅዳር 27
ፍራሹንም ብርድ ልብሱንም አቃጠልኩ። አልጋው መጋጠሚያ ላይ የፈላ ውሃ አፈሰስኩ። የግድግዳውን ስንጥቅ ደፈንኩ። ልብሱን ሁሉ ቀቀልኩ። እጄ ተልጧል። አሁን የምተኛው መሬት ላይ ነው። የሚነክሰኝ የለም፣ ግን ያሳክከኛል... የሌለ ነገር ያሳክካል?

ኅዳር 30
አከራይዋ ባትሪ ይዘው ጥጋጥጉን ፈተሹ። "ጎበዝ" አሉኝ። እልል ማለት አማረኝ። አዲስ ፍራሽ እስክገዛ ልጄ እዚያው እህቴ ጋ ትቆይ።

ታኅሣሥ 10
አዲስ ፍራሽ ገዛሁ፤ ልጄን ላመጣ እህቴ ቤት ሄድኩ። በሩን ራሷ ከፈተችልኝ። ፀጉሯ ተሠርቷል፣ ጉንጯ ሞልቷል፣ ክንዷ ጠርቷል። እጄን ዘረጋሁ።
"ቆይ እማ" አለች። አንገትጌዬን ገለጥ አድርጋ አየች። ከዚያ የሹራቤን ስፌት። ከዚያ ከጆሮዬ ጀርባ። እንዲመቻት ጎንበስ አልኩላት። ስትጨርስ ሳመችኝ፣ ቶሎ።
"ቤታችን ጸድቷል፣ እንሂድ የኔ እናት።"
መሬት መሬት አየች። "አንቺ እየመጣሽ እዪኝ እማ። እኔ እዚህ ልሁን።"
እህቴ ዞር አለች። ስታለቅስ አይቻታለሁ። እኔ አላለቀስኩም፤ ልጄ ፊት እንዴት ብዬ...
ብቻዬን ተመለስኩ። አልጋው ላይ ወጣሁ። ንጹህ ነው።